ከንድፉ ግርጌ ያለው ስም፦ የአርክቴክት የሥራ ፈቃድ ታሪክ በኢሊኖይ

አንድ ሕንፃ ተሠርቶ ሲያልቅ በዓይን የሚታየው ድንጋዩ፣ ብረቱ፣ መስታወቱና ጣሪያው ነው። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ የሰፈረው ንድፍ ግን ተጠቅልሎ መዝገብ ቤት ይገባል፤ በሕንፃው ውስጥ ከሚያድሩት፣ ከሚሠሩትና ከሚማሩት ሰዎች መካከል ያን ወረቀት አይቶ የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል። በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ ከአርክቴክት ቢሮ የሚወጣ የሕንፃ ንድፍ ሁሉ ማኅተም እንዲያርፍበት ሕግ ካዘዘ ከ125 ዓመታት በላይ አልፈዋል። በመጀመሪያው ሕግ መሠረት በማኅተሙ ላይ የአርክቴክቱ ስም፣ የሚሠራበት ቦታ፣ እንዲሁም «ፈቃድ ያለው አርክቴክት» እና «የኢሊኖይ ግዛት» የሚሉት ቃላት ይቀረጹ ነበር።

ማኅተሙ ትንሽ ነው፤ የያዘው ቃል ግን ከባድ ነው። ስሙን ያሳረፈው ሰው ይህ ቤት በሰው ላይ ቢወድቅ ተጠያቂው እኔ ነኝ ብሎ መፈረሙ ነው። መንግሥት ይህን ቃል ከባለሙያው መቀበል የጀመረው መቼና ለምን ነው? ፈቃዱ የቆመው ሕዝቡን ለመጠበቅ ነውን፣ ወይስ ባለሙያውን ከተወዳዳሪ ለመከለል? በፈቃዱ በርስ ማን ገባ፣ ማንስ ደጅ ሲጠና ቆየ? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ወደ ሕጉ መነሻ፣ ወደ ቺካጎ ከተማ መመለስ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቃጠሎው በኋላ

በኦክቶበር 8 ቀን 1871 ማታ በቺካጎ የተነሣው እሳት እስከ ኦክቶበር 10 ድረስ ሳይበርድ የከተማዪቱን እምብርት አወደመ። 300 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ 17,500 ያህል ሕንፃዎች ጋዩ፤ 100,000 ያህል ሕዝብም መጠለያ አጣ። ከተማዪቱ በአብዛኛው የታነጸችው በእንጨት ነበር፤ የእግረኛው መሄጃ ሳይቀር ከሳንቃ የተሠራ ስለነበረ እሳቱ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚሸጋገርበት መንገድ አላጣም።

ከፍርስራሹ ላይ አዲስ ከተማ ለማቆም የተደረገው ሩጫ ከእሳቱ ፍጥነት የሚያንስ አልነበረም። ቺካጎ የባቡር ሐዲዶች መገናኛ፣ የእህል፣ የከብትና የእንጨት ገበያ ነበረችና ገንዘብም የሰው ጉልበትም ወደ እርሷ ጎረፉ። በ1870 የነዋሪዋ ቁጥር 300,000 ያህል ነበር፤ በ1890 ግን አንድ ሚሊዮን አልፎ ተገኘ። የመሬቱ ዋጋ በናረ መጠን ሕንፃው ወደ ላይ መውጣት ግድ ሆነበት፤ የሰው ማንሻ ሊፍትና የብረት አጽም ደግሞ ይህን አስቻሉት። በ1885 በአርክቴክቱ በዊልያም ለባሮን ጄኒ ንድፍ የተጠናቀቀው ባለ10 ፎቁ የሆም ኢንሹራንስ ሕንፃ የዚህ አዲስ የአሠራር ዘዴ ፋና ወጊ ሆኖ በታሪክ ይጠቀሳል።

ይህ ለውጥ በኪነ ሕንፃ ታሪክ የሚወደሰውን ያህል አዲስ አደጋም ይዞ መጥቷል። በቀድሞው የገጠር ኑሮ ቤት ሠሪውና ቤት ነዋሪው ይተዋወቁ ነበር። አናጢው ያቆመው ቤት ቢዘም ነገ በገበያ መንገድ የሚያገኘው ያንኑ ባለቤት ነው። በታላቁ ከተማ ግን መሬቱን የሚገዛው አንድ ሰው፣ የሚነድፈው ሌላ፣ የሚገነባው ሌላ፣ ኪራይ የሚሰበስበው ሌላ ሆነ፤ በመጨረሻ ጣሪያው ሥር የሚያድረው ቤተሰብ ደግሞ ከእነዚህ አንዱንም በመልክ አያውቅም። በዚህ ላይ ጉድለቱ ራሱ ከዓይን ተሰወረ። የድንጋይ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ማንም መንገደኛ ያየዋል፤ በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዓምድ ከሚሸከመው ጭነት ቀጥኖ እንደሆነ ግን ስሌቱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ይለየዋል።

በዚያ ዘመን አርክቴክት ነኝ ለማለት የሚያስፈልገው በር ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ ነበር። አናጢም፣ ሥራ ተቋራጭም፣ የመሬት ደላላም ሰሌዳውን ሰቅሎ ንድፍ መሸጥ ይችል ነበር። ከእነዚህ መካከል በልምድ የበሰሉ ብርቱ ባለሙያዎች መኖራቸው አያጠያይቅም፤ ሕዝቡ ግን ብርቱውን ከደካማው የሚለይበት ምልክት አልነበረውም።

የዘመኑ ችግር በቺካጎ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1885 በኒው ዮርክ ከተማ ቻርልስ ቡደንሲክ የተባለ ሥራ ተቋራጭ ለኪራይ ያሠራቸው የነበሩ ስምንት ተያያዥ ቤቶች ገና ሳያልቁ ተናዱ፤ አንድ ሠራተኛም ሞተ። ሲመረመር ጡቦቹን ያያይዛል የተባለው ቡኬት ከአፈር እምብዛም የማይሻል ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ተከሶ ታሰረ። ፍርዱ ትክክል ቢሆንም ለሞተው ሠራተኛ የሚፈይደው አልነበረም፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ ሕጉ የሚነቃው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነበርና። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሕግ ያስፈልጋል የሚለው አሳብ በባለሙያዎች ዘንድ እየጎላ መጣ።

ሦስት ሰዎች፣ አንድ ሕግ

በኢሊኖይ ለዚህ አሳብ ከደከሙት መካከል ሦስት ሰዎች በተለይ ይነሣሉ።

የመጀመሪያው ናታን ክሊፎርድ ሪከር ነው። በ1843 በሜይን ግዛት የተወለደው ሪከር ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው በእንጨት ሥራ እጁን ካፈታታ በኋላ፣ በጎልማሳነቱ ነበር። በ1873 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ በአሜሪካ በኪነ ሕንፃ ትምህርት የተመረቀ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያም ለጥቂት ወራት በበርሊን ተምሮ ተመለሰና እስከ 1910 ድረስ ያንኑ የትምህርት ክፍል መራ። በእንግሊዝኛ በቂ የማስተማሪያ መጻሕፍት ባልነበሩበት ጊዜ የጀርመንና የፈረንሳይ መጻሕፍትን እየተረጐመ ለተማሪዎቹ ያቀርብ ነበር። ለሪከር አርክቴክት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ስሌት የሚያውቅ፣ የዕቃን ጠባይ የለየ፣ በዎርክሾፕ እጁን ያቆሸሸ ሰው ነው።

ሁለተኛው ፒተር ዋይት ነው። ከኒው ዮርክ ወደ ቺካጎ የመጣው ከተማዪቱ በተቃጠለችበት በ1871 ነበር። በእሳት የጋለ ብረት ጕልበቱ ከድቶት እንደሚጎብጥ ተረድቶ፣ የብረት ዓምድን በሸክላ ሸፍኖ ከእሳት የሚከላከል ዘዴ አበጀ፤ ከሙያ ዘመኑም ብዙ ዓመታትን ለዚሁ ሥራ ሰጠ። ሦስተኛው ዳንክማር አድለር በጀርመን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በሰሜኑ ጦር ያገለገለ መሐንዲስ አርክቴክት ነበር። ከሉዊስ ሰሊቫን ጋር በመሆን በ1889 የተመረቀውን የቺካጎ ኦዲቶሪየም ሠርቷል። ከ4,000 በላይ ተመልካች የሚይዘው የዚህ አዳራሽ የድምፅ ጥራት እስከ ዛሬ ድረስ ይመሰገናል።

አንዱ መምህር፣ አንዱ የእሳት መከላከያ ዐዋቂ፣ አንዱ የታላላቅ አዳራሾች ገንቢ የሆኑት እነዚህ ሰዎች ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ያቀረቡት አሳብ በ1897 በግዛቲቱ ምክር ቤት ጸደቀ፤ ሕጉም በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በሥራ ላይ ዋለ። በአሜሪካ የአርክቴክትን ሥራ በመንግሥት ፈቃድ እንዲመራ ያደረገ የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው። በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ የሚሰጡት የየግዛቱ መንግሥታት እንጂ ማዕከላዊው መንግሥት ስላልሆነ ሕጉ የሚገዛው ኢሊኖይን ብቻ ነበር።

ሕጉ አምስት አባላት ያሉት የመርማሪዎች ቦርድ አቋቋመ፤ አንዱ ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህራን መካከል፣ አራቱ ደግሞ በሥራው ቢያንስ አሥር ዓመት ከቆዩ አርክቴክቶች መካከል የሚመረጡ ነበሩ። አዲስ ገቢ በቦርዱ ፊት ይፈተናል፤ ያለፈው ፈቃዱን ይቀበላል፣ ማኅተሙን ያስቀርጻል፣ ከቢሮው በሚወጣ ንድፍና የሥራ ዝርዝር ላይ ሁሉ ያሳርፈዋል። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለዓመት በመሆኑ ባለሙያው ክፍያ እየፈጸመ በየዓመቱ ማሳደስ ነበረበት። በሥራው ከባድ የዕውቀት ጉድለት ወይም በግንባታ ላይ ግዴለሽነት የታየበት፣ ወይም የማጭበርበር ተግባር የፈጸመ አርክቴክት ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። ዋይት በቦርዱ ጸሐፊነት፣ ሪከርም በመርማሪነት ለረጅም ዓመታት አገለገሉ።

አጥሩና በሩ

ሕጉ የወጣው በሕዝብ ደኅንነት ስም ነው። ለዚህም አርአያ አላጣም፤ ኢሊኖይ የሐኪሞችን ሥራ በሕግ መቆጣጠር የጀመረችው ከሃያ ዓመት በፊት፣ በ1877 ነበር። ሐኪም በአንድ ጊዜ የሚገድለው አንድ ሰው ነው፤ የአርክቴክት ስሕተት ግን በአንድ ሌሊት መቶ ሰው ይገድላል የሚለው ክርክር በሕጉ ደጋፊዎች ዘንድ ተደማጭነት ነበረው።

ይሁን እንጂ አጥር ሁሉ ሁለት ገጽ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ሕዝቡን ከማይችል ሰው የሚከልለው አጥር፣ በውስጥ ያሉትን ባለሙያዎችም ከውጭ ተወዳዳሪ ይከልላል። ፈቃድ ያለው ሰው ቁጥር በተወሰነ መጠን የሥራውና የዋጋው ነገር ለባለፈቃዶቹ ይቀናል። የ1897ቱ ሕግ ራሱ ይህን ድርብ ጠባዩን ይገልጣል። ሕጉ በወጣበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበሩት አርክቴክቶች ባለሙያ መሆናቸውን በቃለ መሐላ አረጋግጠው ያለ ፈተና ፈቃድ እንዲያገኙ ተደረገ። ፈተናው የሚጠብቀው ከእነሱ በኋላ የሚመጣውን ነበር። የትናንቱ ደካማ አርክቴክት ያለ ፈተና ሲገባ የነገው ብርቱ ወጣት ተፈትኖ ይግባ ማለት፣ ከደኅንነት አንጻር ብቻ ለሚመረምረው ሰው የሚዋጥ አይደለም። በሌላ በኩል ይህ ባይደረግ ኖሮ ነባሮቹ ሕጉን በተቃወሙና ከምክር ቤቱ ባላለፈም ነበር።

ሕጉን ለመገምገም የሚረዳው እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው፣ ፈቃዱ እውነት ሰውን ከሞት አዳነ ወይ? ሁለተኛው፣ በሩ ለማን ተከፈተ? ለሁለቱም ታሪክ መልስ አላት።

የኢሮኳይ ቲያትር

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ መራራ ነው። ሕጉ በወጣ በስድስት ዓመቱ፣ በኖቬምበር 1903፣ በቺካጎ መሀል የኢሮኳይ ቲያትር ተመርቆ ተከፈተ። ቲያትሩ ፈጽሞ እሳት የማይነካው ተብሎ በማስታወቂያ ተነግሮለት ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ በዲሴምበር 30 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ በበዓል ሰሞን ትርኢት ሊመለከቱ በመጡ እናቶችና ሕፃናት ጢም ብሎ ሳለ ከመድረክ መብራት የተነሣ እሳት መጋረጃ ያዘ። እሳቱን ከተመልካቹ እንዲለይ የተዘጋጀው መከላከያ መጋረጃ ሲወርድ መንገድ ላይ ተያዘ። ጭሱን ወደ ላይ ሊያስወጡ የሚገባቸው የጣሪያ መስኮቶች ታሽገው ነበር። ከመውጫ በሮቹ አንዳንዶቹ ተቆልፈው፣ አንዳንዶቹ በመጋረጃ ተሸፍነው፣ አንዳንዶቹም ሕዝቡ በማያውቀው መቀርቀሪያ ተዘግተው ተገኙ። 602 ሰዎች አለቁ።

የሚያስገርመው ሕንፃው ራሱ አለመፍረሱ ነው። ግንቡም ብረቱም ቆሞ ቀረ፤ ታድሶም እንደገና ቲያትር ሆነ። የማስታወቂያው ቃል ለድንጋዩ እውነት ነበረ፤ ለሰዎቹ ግን ሐሰት ሆነ። ምርመራና ክስ ቢኖርም ስለ ሟቾቹ ሞት ተፈርዶበት የታሰረ ሰው አልነበረም።

ከዚህ ጥፋት ሁለት ትምህርት ተገኘ። አንደኛው ስለ አርክቴክቱ ዕውቀት ነው፤ የሕንፃ ጥንካሬ የዓምድና የወጋግራ ስሌት ብቻ አይደለም፣ የተደናገጠ ሕዝብ በጨለማ የሚወጣበት በር ስፋትና አከፋፈትም ጭምር ነው። ዛሬ በሕዝብ አዳራሾች ሁሉ የሚታየው፣ ሰው ገፋ ሲያደርገው ወደ ውጭ የሚከፈተው የአግድም ዘንግ ያለው በር በብዛት የተስፋፋው ከዚህ እሳት በኋላ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ስለ ፈቃዱ ወሰን ነው። ማኅተም ያለበት ንድፍ፣ ንድፉን የሚመረምር የከተማ ሹም፣ በሮቹን ሳይቆልፍ የሚጠብቅ የቲያትር አስተዳዳሪ፣ እነዚህ ሦስቱ አብረው ካልቆሙ ወረቀቱ ብቻውን ሰው አያድንም። ፈቃዱ ሊሰጥ የቻለው ትልቁ ጥቅም ቢያንስ ተጠያቂው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ማድረጉ ነው።

በበሩ የገቡት

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ በሦስት ሰዎች ሕይወት ይታያል።

ማሪዮን ማሆኒ በቺካጎ የተወለደችው ከተማዪቱ በተቃጠለችበት በ1871 ነው። በ1894 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኪነ ሕንፃ ተመረቀች፤ በዚያ ትምህርት ቤት ይህን ትምህርት የፈጸመች ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። ሕጉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1898፣ በኢሊኖይ ቦርድ ፊት ተፈትና አለፈችና በግዛቲቱ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሴቶች በአብዛኞቹ ግዛቶች የመምረጥ መብት እንኳ አልነበራቸውም። በዚህ በኩል ሲታይ ፈተናው የፈታኙን ዓይን ከተፈታኙ ጾታ ወደ ተፈታኙ ሥራ መልሶታል ለማለት ይቻላል።

የማሆኒ የሥራ ዘመን ግን የፈቃዱንም ወሰን ያሳያል። ለብዙ ዓመታት በፍራንክ ሎይድ ራይት ቢሮ ውስጥ ሠርታለች። በ1910 በበርሊን ታትሞ የራይትን ስም በአውሮፓ ያስተዋወቀው የንድፎች ስብስብ ውስጥ ካሉት ውብ ሥዕሎች ብዙዎቹ የእጇ ሥራ እንደሆኑ የታሪክ ጸሐፍት ይስማማሉ፤ በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የቢሮው ባለቤት ስም ነበር። በ1911 የሪከር ተማሪ የነበረውን፣ በ1901 ያንኑ ፈተና ያለፈውን ዋልተር በርሊ ግሪፊንን አገባች። በ1912 የአውስትራሊያ ዋና ከተማ የካንቤራ ፕላን ውድድር ሲታወቅ አንደኛ የወጣው የግሪፊን ፕላን ነበር፤ ዳኞቹ ፊት የቀረቡትን ታላላቅ ሥዕሎች የሠራችው ደግሞ ማሆኒ ነበረች። ፈቃድ ለሰው የመፈረም መብት ይሰጠዋል፤ ሥራ ሰጪው ሕዝብ ፊርማውን እንዲያከብርለት ግን ሊያደርግ አይችልም።

ዋልተር ቤይሊ በ1882 በኢሊኖይ በኪዋኒ ከተማ ተወለደ። በ1904 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኪነ ሕንፃ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ፤ በግዛቲቱም ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አርክቴክት እሱ ነው። ከምረቃው በኋላ በአላባማ በሚገኘው በታስኪጊ ለዓመታት አስተማረ፣ ሕንፃዎችንም ነደፈ። በ1920ዎቹ ወደ ቺካጎ ሄዶ በዚያው ሠራ። በ1939 የተጠናቀቀው ፈርስት ቸርች ኦቭ ዴሊቨራንስ የተባለው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከከተማዪቱ ቅርሶች አንዱ ነው። የቤይሊ ማኅተም የተቀረጸው ነጮቹ ባልደረቦቹ በያዙት በዚያው ሕግ ነው፤ ዋና ዋና ሥራ የሰጡት ግን የጥቁር ሕዝብ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። በፈተናው ክፍል ውስጥ የነበረው እኩልነት ከደጁ ውጭ በሥራ ገበያው ላይ አልነበረም።

ሦስተኛዋ ቤቨርሊ ሎሬይን ግሪን ነች። በ1915 በቺካጎ ተወለደች፤ በ1936 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኪነ ሕንፃ ምሕንድስና፣ በ1937 ደግሞ በከተማ ፕላንና በመኖሪያ ቤቶች ትምህርት በማስተርስ ተመረቀች። በዲሴምበር 28 ቀን 1942፣ በ27 ዓመቷ፣ ፈቃዷን ከኢሊኖይ ተቀበለች፤ በአሜሪካ በአርክቴክትነት ፈቃድ የተሰጣት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እንደሆነች ይታመናል። ሕጉ ከወጣ 45 ዓመት አልፎ ነበር። ፈቃዱን ይዛ በቺካጎ በቂ ሥራ ስላላገኘች በ1945 ወደ ኒው ዮርክ ሄደች። በዚያም አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ስታይቬሰንት ታውን የተባለ ታላቅ የመኖሪያ ሰፈር ሊሠራ ነበር፤ በሰፈሩ ውስጥ ጥቁር ተከራይ እንደማይገባ ኩባንያው በግልጽ አስታውቆ ነበር። ግሪን አይቀጥሩኝም ብላ እያሰበች ብታመለክት ተቀጠረች። የቤቱን ንድፍ እንድትሠራ የተፈቀደላት፣ በቤቱ እንድትኖር ግን ያልተፈቀደላት ባለሙያ ሆነች ማለት ነው። ጥቂት ቀን ሠርታ ነፃ የትምህርት ዕድል ባገኘችበት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ለቀቀች። በኋላም ከማርሴል ብሮየር ጋር በመሆን በፓሪስ በሚገኘው የዩኔስኮ ዋና መሥሪያ ቤት ንድፍ ላይ ሠርታለች። በ1957 በ41 ዓመቷ ስለሞተች በ1958 የተመረቀውን ሕንፃ ለማየት አልታደለችም።

ከግዛት ወደ ግዛት

የኢሊኖይን ፈለግ ካሊፎርኒያ በ1901፣ ኒው ጀርሲ በ1902 ተከተሉ፤ ሌሎቹም እንዲሁ። የአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የአርክቴክት ፈቃድ ሕግ ያወጡት ግን በ1951 ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ሕግ እስከ መጨረሻው 54 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው።

ሕጉ በተስፋፋ መጠን አዲስ ችግር ተወለደ። በአንዱ ግዛት የተፈቀደለት አርክቴክት ወንዝ ተሻግሮ በሌላው ግዛት ሊሠራ ሲል እንደ እንግዳ ይቆጠራል። ይህን ለማስታረቅ በ1919 የየግዛቱ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት ተመሠረተ። ምክር ቤቱ ፈቃድ አይሰጥም፤ ቦርዶቹ አንዱ የሌላውን ፈተናና መዝገብ እንዲያምን መስፈርቱን ያዘጋጃል።

እንዲያም ሆኖ የወረቀት ነገር ታላላቆቹንም ማሰናከሉ አልቀረም። ከጀርመን ተሰዶ ከ1938 ጀምሮ በቺካጎ ያስተምር የነበረው ሚስ ቫን ደር ሮኸ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ነበር፤ ሙያውን የቀሰመው በአባቱ መዶሻ ሥርና በንድፍ ክፍሎች እንጂ በዩኒቨርሲቲ አልነበረም። በ1950ዎቹ በኒው ዮርክ የሲግራምን ሕንፃ በሚሠራበት ጊዜ የዚያ ግዛት ባለሥልጣን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃ አላቀረብህም ብሎ ፈቃድ ከለከለው። ዓለም በመምህርነቱ የተቀበለው ሰው ተማሪ መሆኑን እንዲያስመሰክር ተጠየቀ። በኋላ ጉዳዩ ተስተካክሎ ፈቃዱን አገኘ። በዚህ ታሪክ መሳቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ለታዋቂው ሰው ሕጉን ማጠፍ ለማይታወቀው አጭበርባሪም በር መክፈት መሆኑን ያሰበ ሰው ከመሳቁ በፊት ጥቂት ያመነታል።

ፈቃዱ ዛሬ እንዴት ይገኛል፣ እንዴትስ ይታደሳል

ዛሬ ወደ ፈቃዱ የሚያደርሰው መንገድ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው እውቅና ካለው ትምህርት ቤት የሚገኝ የሙያ ዲግሪ ነው። ሁለተኛው በባለፈቃድ አርክቴክት ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ልምምድ ሲሆን፣ 3,740 ሰዓት በመዝገብ ተረጋግጦ መቅረብ አለበት። ሦስተኛው ስድስት ክፍል ያለው ብሔራዊ ፈተና ነው። ቀድሞ ተፈታኞች ለቀናት በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው በእርሳስና በማስመሪያ ይነድፉ ነበር፤ ከ1997 ወዲህ ግን ፈተናው በኮምፒዩተር ይሰጣል።

ፈቃዱ የተገኘለት ሰው ሥራው አላለቀም። በኢሊኖይ የአርክቴክት ፈቃድ የሚያበቃው በየሁለት ዓመቱ፣ እኩሌ ቁጥር ባለው ዓመት፣ በኖቬምበር 30 ቀን ነው። ለማሳደስ ክፍያ መፈጸም ብቻ አይበቃም፤ በሁለቱ ዓመት ውስጥ 24 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት መከታተል ያስፈልጋል፤ ይህም ትምህርት በተለይ በሕዝብ ጤና፣ ደኅንነትና ደህንነተ ኑሮ ላይ ያተኩራል።

ብዙ ባለሙያዎች ዕድሳትን የቢሮክራሲ አታካችነት አድርገው ይመለከቱታል። የታሪኩ ትምህርት ግን ሌላ ነው። በ1898 ፈተና ያለፈ አርክቴክት ስለ ሕዝብ አዳራሽ በሮች የሚያውቀው በ1903 ለ602 ሰዎች አልበቃም ነበር። ዕቃው ይለወጣል፣ የእሳትና የምድር መናወጥ ዕውቀት ያድጋል፣ የአካል ጉዳተኛው በደረጃ ፊት ቆሞ መቅረቱ ትናንት እንደ ዕጣው ይታይ የነበረ ዛሬ የንድፍ ጉድለት ተብሎ ይታወቃል። አንድ ጊዜ ያወቀ ሁልጊዜ ያውቃል የሚለው እምነት በሰው ሕይወት የሚቀለድበት ስለሆነ ዕድሳት ያስፈልጋል።

የሚታደሰውም የባለሙያው ወረቀት ብቻ መሆን የለበትም። ብሔራዊው ምክር ቤት አንድ ተፈታኝ ያለፋቸው ክፍሎች ከአምስት ዓመት በኋላ ዋጋ እንዲያጡ የሚያደርግ ደንብ ነበረው። ልጅ የሚያሳድጉ ተፈታኞችና የፈተናውን ክፍያ በአንድ ጊዜ ማሟላት የማይችሉት በዚህ ደንብ ከሌላው ይበልጥ ይጎዱ ስለነበረ በ2023 ተሻረ። በአሜሪካ ካሉት ባለፈቃድ አርክቴክቶች መካከል ሴቶቹ ዛሬ ከአራት አንድ ያህል ደርሰዋል፤ ጥቁር አሜሪካውያን ግን አሁንም ከመቶ ሁለት አካባቢ ናቸው። ማሆኒ ከተፈተነች ከመቶ ዓመት በላይ፣ ግሪን ከተፈተነች ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗል። ፈተናው የተፈታኙን ቆዳ አይጠይቅም፤ ወደ ፈተናው የሚያደርሱት የትምህርት ቤቱ ክፍያ፣ የልምምዱ ቦታና የቀጣሪው ፈቃድ ግን ዛሬም ሰው ይመርጣሉ።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ስለ 1897ቱ ሕግ ሚዛናዊ ፍርድ መስጠት ይቻላል። ሕጉ የባለሙያዎቹን ጥቅም ያሰበ ነበር፤ ያለ ፈተና የገቡት ነባሮች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሕጉ የሕዝቡንም ጥቅም ያሰበ ነበር፤ ከሁሉ በፊት ስም የሌለውን ንድፍ ባለስም አድርጎታልና። ፈቃድ ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚያጋድል የሚወስነው ሕጉ የተጻፈበት ቀን አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በሩን የሚጠብቁት ሰዎች የሚያደርጉት ነው። ፈተናውን ባጠበቁ መጠን የፈተናውን መንገድ ካላሰፉ አጥሩ የማኅበርተኞች አጥር ይሆናል። መንገዱን ሲያሰፉ ፈተናውን ካላሉት ደግሞ ስሙ ለቆመለት ሕዝብ እምነት ይሆናል።

በቺካጎ ማታ ልጆቿን የምታስተኛ እናት ከበላይዋ ያሉትን ፎቆች ክብደት ማን እንዳሰላው አትጠይቅም፤ ልትጠይቅም አይገባትም። ስለ እርሷ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር ይገባል ተብሎ ነው ማኅተሙ የተቀረጸው።